ምድጃ በጥቅምት አይገዛም

በሰሜን ሸዋ ደጋ መስከረም ሲያልቅ ሰማዩ ይጠራል፤ ደመናው ሲገፈፍ ግን ብርዱም አብሮ ይገለጣል። ሌሊቱን ጥርት ብሎ ያደረ ሰማይ ጠዋት ሣሩን ነጭ አድርጎ ያሳየዋል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ መሃል ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ጓሳ እየወጣ የሚሄድ መንገደኛ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ የመታውን የባቄላ ማሳ ለማየት ብዙ መድከም አይኖርበትም። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው። በርኖሱም፣ ባናውም፣ ከግልገሎችና ከጥጆች ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደሩም የመጣው ከዚሁ ብርድ ነው።

“በጥቅምት አንድ አጥንት” የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። አጥንቱን ያገኘ ያግኝ እንጂ ብዙው ቤት ጥቅምትን የሚገፋው በእሳት ነው። በዚህ ወር ማገዶና ኩበት ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ገዢ አያጣም። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም በብዙ ቤት ትዝ የሚለው በዚሁ ወር፣ ክምሩ ሲጎድልና ልጆች በጭስ ሲያስሉ ነው።

ይሁን እንጂ ለምድጃ ግዢ ከወራት ሁሉ የከፋው ጥቅምት ነው። ገብሱ ገና ማሳ ላይ ነው፤ በቤት ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የለም። የሚነደው እንጨት ክረምቱን የጠጣውን ውኃ ገና አልጨረሰም። ምድጃ የሚያመርቱት ማኅበራት የሚሸጡት በዝናቡ ወቅት ተቀርጾ በወጉ ያልደረቀውን ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ የተገዛ ምድጃ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰነጠቃል፤ ወይም በእርጥብ እንጨት ይጨስና “ይኸም እንደ ሌላው ነው” ተብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። በየቀበሌው የዶሮ ማደሪያና የውኃ ማስቀመጫ የሆኑ የምድጃ ክፋዮች የሚታዩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

እሳቱ የሚሠራው ሥራ

ስለ ምድጃ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንጀራው ነው። ለዚህም ምክንያት አለ፤ በኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰብ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላዩን የሚወስደው የእንጀራ ጋገራ ነው። ነገር ግን በደጋውና በውርጩ ሦስቱ ጉልቻ የሚሠሩት ሥራ ከጋገራ ያልፋል። እሳቱ ቤት ያሞቃል፤ ማታ መብራት ይሆናል፤ እርጥብ ልብስና የተላጠ ቆዳ ያደርቃል፤ ጭሱ የሣር ክዳኑን ከነቀዝና ከመበስበስ ይጠብቃል። አያቶች ተረት የሚያወሩት፣ እንግዳ የሚቀመጠው እዚያው ዳር ነው።

ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በእነዚህ አካባቢዎች በቀላሉ ያልገባውም በዚህ ምክንያት ነው። እሳቱ ሲታፈን ብርሃኑም ሙቀቱም ይታፈናል። በቆላና በወይና ደጋ ይህ ምስጋና ነው፤ ጋጋሪዋ ፊቷ አይገረፍም። በመንዝና በስሜን ግን ቅሬታ ነው። “ምድጃው ይቆጥባል፣ ቤቱ ግን በረደ” የሚለው አቤቱታ ከማወቅ ማነስ የመጣ አይደለም። ምድጃውን የሚያሠራጩ ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ በቅጡ ሳይመልሱ ስለ ጫካ መመናመን ብቻ ቢያስተምሩ ሰሚ አያገኙም።

እርግጥ ነው፣ የክፍት ምድጃ ሙቀት ብዙ ይወራለታል እንጂ ብዙውን አየሩ ይወስደዋል። ነበልባሉ የሚያሞቀው አየር ከጭሱ ጋር ወደ ክዳኑ ወጥቶ በሣሩ ቀዳዳ ያመልጣል። እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲጋገር ጀርባው እንደበረደ የሚቀረው ለዚህ ነው። እሳቱ ሲዳፈን ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቤቱ ከውጪው ብዙም አይለይም። በዚህ መካከል ሁለት ጉዳት አለ። አንደኛው ጭሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ዓመት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ጊዜያቸው እንደሞቱ ይገምታል፤ በዚህ ጭስ ውስጥ ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፉት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። ሁለተኛው ቃጠሎ ነው። ገና መዳህ የጀመረ ልጅ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው፣ በክፍት እሳት ዳር እንቅልፍ የጣለው አዛውንት በብርድ ወራት ሁሉም ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው።

ምርጥ ምን ይሰጣል፣ ምን አይሰጥም

በክልሉ በስፋት የሚታወቀው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተሠራው ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ መሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ወይም ከአሸዋ፣ በቅርጽ የሚወጣ ነው። ስድስት ክፋይ አለው፤ አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከኋላ በጭሱ መውጫ ላይ ተቀምጠው ድስት ወይም ጀበና ይይዛሉ። ወደ ውጭ ሊባክን የነበረው ሙቀት በዚህ ድስት ሥር ያልፋል። መጀመሪያ የወጣው ግድግዳው 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ ኋላ ሲሚንቶ ለመቆጠብና ዋጋ ለመቀነስ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጭኑ ምርጥ ተሠራ።

ቁጠባው ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁለት ነው። በቤተ ሙከራ፣ ደረቅ እንጨት እየተመዘነ ሲነድ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ እንደሚቆጥብ ይጠቀሳል። እናቶች በየቤታቸው፣ በራሳቸው ሊጥና በራሳቸው እንጨት ሲጋግሩ በተደረገ የመስክ ሙከራ የተገኘው ግን ከ22 እስከ 31 በመቶ ነው። ለአርሶ አደሩ መነገር ያለበት ሁለተኛው ነው። ግማሽ ይቆጥባል ተብሎለት ሩቡን የቆጠበለት ሰው እንደተታለለ ይቆጥራል፤ ሩቡን ይቆጥባል ተብሎለት ሩቡን ያገኘ ግን ለጎረቤቱ ይናገራል።

ሩብ ትንሽ አይደለም። በወር 4 ሸክም እንጨት የሚያነድ ቤት ከ4ቱ 1ዱን ቢያስቀር በዓመት 12 ሸክም ነው። የሸክሙን የገበያ ዋጋ በ12 ማባዛትና ከምድጃው ዋጋ ጋር ማስተያየት ማንም ቤት ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ነው። እንጨቱን ገዝተው ለማያነዱ ቤቶች ደግሞ ሒሳቡ በጉልበት ይሆናል፤ አንዲት ሴት ወይም አንዲት ተማሪ ልጅ በዓመት 12 ጊዜ ጫካ ወርዳ ተሸክማ አልወጣችም ማለት ነው። በአግባቡ የተሠራና ከዝናብ የተጠለለ ምርጥ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል።

ጎንዜ የሚባለው ከሸክላ የሚሠራው ምድጃ ለእንጀራም ለወጥም ይሆናል፤ ሸክላ ሠሪ በቅርብ ላለበት አካባቢ ይመቻል። ትክክል የሚባለው ለወጥና ለቡና የሚሆን ባለ አንድ ድስት ምድጃ ነው፤ እንጀራ አይጋገርበትም። ላቀች ከሰል የሚነድባት ናት፤ እርሷ ወደ ኋላ ላይ ትነሣለች።

ስለ ሙቀቱ ግን ማንኛውም ሻጭ ያልነገረውን መናገር ያስፈልጋል። ምርጥ የተሠራው ለጋገራ ነው፤ ለቤት ማሞቂያነት ታስቦ አይደለም። ሆኖም ከባዱ የሲሚንቶ ግድግዳ አንድ ጠባይ አለው፤ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል። ጋገራው ካለቀ በኋላም ለተወሰኑ ሰዓታት የያዘውን ሙቀት ለቤቱ ይሰጣል። በከተማ ብየዳ ቤቶች ከላሜራ የሚሠሩት ምድጃዎች የዚህ ተቃራኒ ናቸው፤ እሳቱ እንደተያያዘ ይፋጃሉ፣ እንጨቱ ሲያልቅ ወዲያው ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ ለቀዝቃዛ አካባቢ ወፍራሙ 6 ሳንቲ ሜትር ምርጥ ከቀጭኑ ይሻላል። ቀጭኑ በዋጋና በማጓጓዣ ይረክሳል፤ በጭነት ጀርባ ለሚወጣበት ቀበሌ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት አገር ክብደቱ ራሱ ጥቅም ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ወጪ የሌለው ለውጥ አለ፤ በብርድ ወራት ጋገራውን ከጠዋት ወደ አመሻሽ ማዛወር። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ የሚጋግር ቤት ጠዋት ከጋገረ የምድጃው ሙቀት የሚወጣው ቤተሰቡ ማሳና ትምህርት ቤት በሄደበት ሰዓት ነው። አመሻሽ ላይ ከጋገረ ግን ልጆች በሚያጠኑበትና በሚተኙበት ሰዓት ይደርሳል። የማታው ድካም እንዳለ ሆኖ፣ ይህን የለመዱ እናቶች ያለ ተጨማሪ እንጨት አንድ ሙቅ ምሽት ያተርፋሉ።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ባለሙያዎች በሁሉም ወረዳ የሚሰጡት ምክር ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ለይቶ መሥራት ነው። ለወይና ደጋው ትክክል ነው። በውርጩ ግን ምድጃው ወደ ተለየው ማድ ቤት ሲወጣ እልፍኙ ያለ እሳት ይቀራል፤ ቤተሰቡም ለሙቀት ብሎ ሌላ እሳት እዚያው ያነድዳል። በማድ ቤት የተረፈው ሩብ ማገዶ በእልፍኝ ይነዳል ማለት ነው። የሚሻለው ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ጋር አያይዞ በመሥራት ምድጃውን በመለያው የድንጋይ ግድግዳ ሥር መትከል ነው። አፉ ወደ ማድ ቤቱ ይሁን፤ ጀርባው ግድግዳውን ያሙቅ። እልፍኙ እንደ ቆላ አይሞቅም፤ ቅዝቃዜው ግን ይሰበራል፣ ጭሱም ከሚተኛበት ክፍል ይርቃል።

ጭስ ማውጫ የሚጨምር ሰው ለክዳኑ ይጠንቀቅ። የጋለ ቱቦ በሣር ክዳን መካከል ማለፍ የለበትም፤ በድንጋይ ግድግዳው ወጥቶ ከክዳኑ ርቆ ከፍ ማለት ይኖርበታል። ጥላሸቱም በየጊዜው መጠረግ አለበት፤ የታፈነ ቱቦ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ቱቦው ጭሱን ሲያወጣ የተወሰነ ሙቀትም ይዞ ይወጣል፤ ይህ የሚካድ አይደለም፤ ለሕፃናት ሳንባ ሲባል የሚከፈል ነው።

ከምድጃው በፊት ክዳኑን ያየ ሰው ደግሞ ብዙ ሊያተርፍ ይችላል። ባለፉት ዓመታት ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቷል። ቆርቆሮ አያፈስም፣ አይበሰብስም፤ ብርዱን ግን ሳይከለክል ያስገባል፤ የቤቱንም ሙቀት እንዲሁ ያስወጣል። ከቆርቆሮው ሥር ከእንጨትና ከጭቃ ወይም ከጆንያ የተሠራ ኮርኒስ ማበጀት፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ መምረግ፣ የበሩን ሥር መድፈን ከሁሉም ምድጃ የረከሰ ማሞቂያ ነው። ከምድጃው እሳት በላይ ያለው የጭስና የአየር መውጫ ግን መቼም አይደፈንም።

የዓመቱ አቆጣጠር

በመንዝ ደጋ የመኸር ገብስና ስንዴ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ተወቅቶ፣ ተመርቶ፣ ትርፉ ገበያ ወጥቶ ገንዘብ ቤት የሚገባው ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። ጥር የሠርግ ወር ነው። የካቲትና መጋቢት የጾም ወራት ናቸው፤ ሥጋና ቅቤ የማይገዛበት፣ ወጪው ረገብ የሚልበት ጊዜ። ሚያዝያና ግንቦት ሲመጡ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይጠራሉ፤ ሰኔና ሐምሌ የተማሪ ደብተር ሳይደርስ እህል የሚያጥርበት ነው።

እንግዲህ ለምድጃ የሚሆነው በር በጥርና በመጋቢት መካከል ያለው ነው። ገንዘቡ አለ፤ ማዳበሪያው ገና ነው፤ መንገዱ ደረቅ ስለሆነ ስድስቱ ክፋዮች በጋሪም በአህያም ሳይሰበሩ ይደርሳሉ። ከሁሉ በላይ በበጋው የተቀረጸ ሲሚንቶ በወጉ የሚደርስበት ወቅት ነው። ሲሚንቶ ከተቀረጸ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ በጥላ መቆየት አለበት፤ አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ነው። ገዢው አምራቾቹን መቼ እንደተቀረጸ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ወር ያልሞላውን ለሌላ ሳምንት ይተወው።

ሠርግ የሚደግስ ቤት ግን መጋቢትን መጠበቅ የለበትም። ለድግስ የሚጋገረው እንጀራ ለወራት ከሚበላው ማገዶ ጋር የሚስተካከል ይበላል፤ ምድጃው ከድግሱ በፊት ከተተከለ የመጀመሪያውን ትርፍ እዚያው ላይ ያሳያል። አሥር ጋጋሪ ሴቶች በአንድ ቀን የሚያዩት ሠርቶ ማሳያም ከዚህ የበለጠ አይገኝም። ለዚህ ታኅሣሥ ሳይጋመስ ማዘዝ ያስፈልጋል።

እንጨቱም የራሱ ጊዜ አለው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ሊሆን ይችላል። ይህ ውኃ ተኖ እስኪያልቅ ድረስ እሳቱ የሚሠራው ውኃ የማፍላት ሥራ ነው፤ የቀረው ጭስ ይሆናል። በደንብ የሚነድ እንጨት የውኃ መጠኑ ከ20 በመቶ በታች ሊሆን ይገባዋል። ወደዚህ ለመድረስ እንጨቱ በጥቅምትና በኅዳር ተቆርጦ፣ ሳይውል ሳያድር ተፈልጦ፣ በጋውን ሙሉ ፀሐይና ነፋስ እያገኘ መቆየት አለበት። ግንዱን ሳይፈልጡ መከመር ብዙም አይጠቅምም፤ ልጡ ውኃውን አፍኖ ይይዘዋል። ፍልጡ ከመሬት በድንጋይ ወይም በአጣና ከፍ ብሎ ይደርደር፤ በመደዳዎቹ መካከል ነፋስ ይግባ፤ ከግንቦት በፊት ጣራ ሥር ይግባ። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ያሳያል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ድብ ይላል።

በጥርና በመጋቢት መካከል የተገዛ ምድጃና በኅዳር የተፈለጠ እንጨት በሰኔ ዝናብ ይገናኛሉ። ምድጃው በክረምቱ ይለመዳል፤ ጉድለቱ ካለም ጥቅምት ሳይደርስ ይታረማል።

ገበያ ላይ

ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት የቤቱን ምጣድ በገመድ መለካት ያስፈልጋል። ምጣድ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ብዙው ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ከክቡ የጠበበ ምጣድ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የሰፋው ደግሞ ከንፈሩ ሙቀት አያገኝምና ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ገመዱን የምትይዘው ጋጋሪዋ ብትሆን ይመረጣል። በብዙ ቤት ገንዘቡን የሚይዘውና ገበያ የሚወጣው አባወራው ነው፤ ምድጃው ላይ የምትሠራው ደግሞ እማወራዋ። ሁለቱ አብረው ካልወጡ የተገዛው ምድጃ ለምጣዱም ለቁመቷም ሳይሆን ይቀራል።

ክፋዮቹን አንድ በአንድ በጣት መታ ማድረግ ይገባል፤ ደኅናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ወይም ያልደረሰው ድምፁ ይታፈናል። ጠርዙን በጥፍር ሲፍቁት አሸዋው የሚረግፍ ከሆነ ሲሚንቶው አንሶታል። አራቱን እዚያው ገበያው ላይ አጋጥሞ ማየት ነው፤ በመገጣጠሚያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሻጩ ይለውጠው። የውፍረቱ እኩልነት፣ የእሳቱ አፍና የጭሱ መውጫ አለመሰበር ይታይ። በስብርባሪ ቀለም ወይም በልስን የተሸፈነ ካለ ለምን እንደተሸፈነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቤት ከደረሰ በኋላ በተደለደለ መሬት ላይ ይተከልና መገጣጠሚያዎቹ በጭድና በጭቃ ይመረጉ፤ ምጣዱ ከክቡ ጋር የሚገናኝበትም እንዲሁ። ከዚህ ላይ የቀረች ትንሽ ቀዳዳ ሩቡን ቁጠባ ይዛ ትሄዳለች። ጭቃው እስኪደርቅ ታግሦ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጭራሮ ብቻ ለስለስ ያለ እሳት ማንደድ ነው። በሲሚንቶው ውስጥ የቀረው እርጥበት ቀስ ብሎ ካልወጣ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል። እንጨቱም በአጭሩ ተቆርጦ በጥቂቱ ይግባ፤ አፉ ሞልቶ የታጨቀ ምድጃ አየር አጥቶ ይጨሳል። እንደ ጉልቻ ረጃጅም ግንድ እየገፉ ማንደድ የለመደ እጅ ይህን ለመተው ጥቂት ሳምንት ይፈጅበታል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ወጡን አያጣፍጥም፤ ማገዶውን ግን ይቀንሳል።

ኩበቱና ማሳው

የእንጨቱ ሒሳብ ብቻውን ምድጃውን ባያስገዛ የኩበቱ ሒሳብ ያስገዛዋል። ዛፍ በራቀበት ደጋ የሚነደው ኩበት ነው። በበጋው እየተጠፈጠፈ፣ እየደረቀ፣ ከክረምት በፊት ተከምሮ ይቀመጣል፤ ለከተማም ይሸጣል። ኩበቱ ሲነድ ለአፈር ይሆን የነበረው ናይትሮጅንና ብስባሽ በጭሱ ይሄዳል። ያው ገበሬ በግንቦት ናይትሮጅኑን በዩሪያ መልክ በገንዘብ ይገዛዋል። ከምድጃ የቆጠበው እያንዳንዱ ቅርጫት ኩበት ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ከገባ ትርፉ ከማገዶ ያልፋል።

አመዱም አይጣል። ናይትሮጅኑ ቢሄድም ፖታሲየምና ፎስፎረሱ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ለጓሮው ጎመንና ድንች ይጠቅማል፤ አሲዳማነት ባጠቃው መሬትም ጥቂት ያግዛል። በመሬት ላይ በቀላሉ የሚታጠብ ስለሆነ በዝናብ ዋዜማ ሳይሆን ከአፈር ጋር እየቀላቀሉ መበተን ነው።

ረመጡ

በብርድ ወራት ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ጭስ የሌለው እሳት ነው። ጋገራው ሲያልቅ ፍሙን በገል ወይም በላቀች አውጥቶ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት በደጋ የተለመደ ነው። አይጨስም፣ ዓይን አያቃጥልም፤ በዚህ ምክንያት ሰው ያምነዋል። ከሰልና ፍም የሚለቁት ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ምታትና ድካም ይዞ ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳይሰማ ያልፋል። በሣር ክዳን ቤት ክፍተቱ ብዙ ስለነበር አደጋው አነስተኛ ነበር፤ በቆርቆሮና በሲሚንቶ በተዘጋ አዲስ ቤት፣ በተለይም በከተማ በሚከራዩ ተማሪዎች ክፍል፣ ያው ልማድ ገዳይ ነው። ከሰል ያለበት ክፍል መስኮቱ ገርበብ ይበል፤ ሰው ከመተኛቱ በፊት ደግሞ ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ። በማግሥቱ ጠዋት ራሱን እያዞረውና እያስመለሰው የተነሣ ቤተሰብ ካለ ሁሉም ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። “መጋኛ ነው” ብሎ ቤት ውስጥ መቆየት አይገባም።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀረው

በኅዳር 2004 ዓ.ም ይፋ የሆነው የአየር ንብረት ለውጥን የማይበገር የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ከዋና ዋናዎቹ ሥራዎች መካከል አስቀምጦት ነበር፤ ተከትሎት የወጣው አገር አቀፍ መርሐ ግብር በጥቂት ዓመታት ውስጥ 9 ሚሊዮን ምድጃ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወረዳዎች በየዓመቱ ኮታ ይቀበላሉ፣ የተሠራጨውን ቆጥረው ሪፖርት ያደርጋሉ። የተቆጠረው ግን ከመጋዘን የወጣው ምድጃ ነው፤ የሚነደው ስንት እንደሆነ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ያየ ባለሙያ ጥቂት ነው።

በጀት ዓመቱ የሚዘጋው በሰኔ 30 ስለሆነ ሥርጭቱ ወደ ግንቦትና ሰኔ ይገፋል። ይህ ጊዜ ከላይ ከተነገረው ጋር ሲታይ ለአርሶ አደሩ ከሁለተኛዎቹ መጥፎ ወራት የሚቆጠር ነው፤ ገንዘቡ ለማዳበሪያ ተይዟል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ በችኮላ የተቀረጸው ሲሚንቶም አልደረሰም። የውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤቶች ለአምራች ማኅበራት ሲሚንቶውን በጥቅምትና በኅዳር ቢያደርሱላቸው ምርቱ በጥር ገበያ ይደርሳል። ማኅበራቱ አብዛኞቹ ሴቶችና ወጣቶች የተደራጁባቸው ናቸው፤ የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር ወይ ዋጋ ይጨምራሉ ወይ ሲሚንቶ ይቀንሳሉ፤ ሁለተኛው የሚታወቀው ምድጃው ሲፈርስ ነው።

ብድርና ቁጠባ ተቋማትም ቢሆኑ የምድጃውን ክፍያ ከአዝመራ በኋላ እንዲሆን ቢያደርጉት የሚከብድ አይመስልም። በብር የማይችል ቤት በገብስ ወይም በኩበት ከማኅበሩ ጋር የሚስማማበት መንገድም ሊኖር ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ስለሚገቡ ምድጃው የተተከለበትን ቦታ፣ የተመረገውንና ያልተመረገውን ለማየት ከማንም ይቀርባሉ፤ የግብርና ባለሙያው ደግሞ እንጨቱ በኅዳር እንዲፈለጥ ከአጨዳው ምክር ጋር አብሮ ሊናገር ይችላል።

በጓሳ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው የቄሮ ሥርዓት ሣሩና ማገዶው መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚዘጋ ተስማምተው ሲኖሩ ቆይተዋል። ማገዶ የመቁረጫ ጊዜ አለው ለሚል ሕዝብ ምድጃ የመግዣ ጊዜ አለው ማለት አዲስ ነገር አይሆንበትም። ዘንድሮ ያልደረሰበት ቤት ከአሁኑ ምጣዱን ለክቶ፣ በአካባቢው ያለውን አምራች ማኅበር ጠይቆ፣ በኅዳር ከሚወቃው ገብስ አንድ ቁና ለይቶ ያስቀምጥ።